እየሩስ ያላደረሰችው ይቅርታ

እየሩስ የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበረች። ቤታቸው መሐል ሜዳ ከተማ ዳር፣ ከገበያው ወደ ገብስ ማሳው በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። አባቷ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ዘበኛ ናቸው። እናቷ የበግ ጸጉር እየፈተሉ ባና የሚባለውን የሱፍ ብርድ ልብስ ለሚሠሩ ሰዎች ይሸጣሉ። እየሩስ ቀልጣፋ ልጅ ነች፤ መዝሙር ሲዘመር ከሁሉ ቀድሞ የሚሰማው የእሷ ድምፅ ነው። መጥፎ ልጅ አልነበረችም። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ኋላ እንዳትፈርዱባት ብዬ ነው።

አንተ፣ ከኋላ የተቀመጥከው፣ ቆሎህን ኪስህ ክተት። ይህ ታሪክ እየቆረጠሙ የሚሰሙት አይደለም። ደስ የሚልም አይደለም። ቢሆንም ልነግራችሁ ነው፤ እኔ ካልነገርኳችሁ ማን ይነግራችኋል?

እየሩስ የክርስትና እናት ነበሯት፤ እትዬ ጥሩሸዋ ይባላሉ። ቤታቸው ከእነ እየሩስ ቤት አጥር ለአጥር ነው። ልጅ ስላልወለዱ እየሩስን እንደ ወለዷት ያዩዋታል። በዓል ሲሆን ከዳቦው የመጀመሪያው ቁራሽ የእሷ ነው። በዚያ ዓመት ግን እትዬ ጥሩሸዋ ታመሙ። ከፍልሰታ ወዲህ ከመደብ አልተነሡም። ጤና ጣቢያ ወስደዋቸው ነበር፤ ብዙም ተስፋ የሚሰጥ ነገር አልተነገራቸውም።

ጥቅምት ገባ። የሰንበት ትምህርት ቤቱ ልጆች ቅዳሜ ወደ ጥድ አፋፍ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ሊሄዱ ተዘጋጁ። ጥድ አፋፍ ገደል ጫፍ ላይ ያለ ገዳም ነው። ልጆቹ ሳምንቱን ሙሉ ስለዚያ ብቻ ነበር የሚያወሩት። ዓርብ አመሻሹ ላይ እየሩስ የክርስትና እናቷን ልትሰናበት ገባች።

"በሩን ዝጊና አጠገቤ ተቀመጪ፣ እየሩስዬ" አሏት። ድምፃቸው ደክሟል። "ነገ ከምትሄጂበት ገዳም ሥር የሴት መነኮሳት መንደር አለ። እዚያ እማሆይ አመተሥላሴ የምትባል መነኩሲት አለች። ታናሽ እህቴ ናት።"

እየሩስ ደነገጠች። "እህት አለዎት እንዴ?"

"አለችኝ። በድያት ነው እንጂ አለችኝ።"

ከዚያ ነገሯት። መሬት ሲሸነሸን እህታቸው ሥራ ፍለጋ ደብረ ብርሃን ነበሩ። እትዬ ጥሩሸዋ ቀበሌ ቀርበው፣ "እህቴ አገር ለቃለች፤ ድርሻ የላትም" ብለው መሰከሩ። ውሸታቸውን ነበር። የአባታቸው ማሳ በሙሉ ለእሳቸው ሆነ። እህታቸው ሲመለሱ ማረፊያ አጡ።

"ቀኑን ሙሉ ደጃፌ ተቀምጣ አለቀሰች" አሉ እትዬ ጥሩሸዋ። "በር አልከፈትኩላትም። ከዚያ መነኮሰች ሲሉ ሰማሁ። አሁን የንስሐ አባቴ ቄስ ባምላኩ፣ 'ከእህትሽ ሳትታረቂ እንዴት ትቆርቢያለሽ?' ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ሳልታረቅና ሳልቆርብ መሞት ፈራሁ፣ ልጄ።"

"አይሞቱም!" አለች እየሩስ።

"እሱን ለእግዚአብሔር ተይው። ሽማግሌ እንዳልልክ አፍራለሁ። አንቺ ግን ልጄ ነሽ። ጆሮዋ ላይ እንዲህ በያት፦ 'ጥሩሸዋ በድዬሻለሁ ትላለች። ማሳውም ያንቺ ነው። ይቅር በይኝ፤ መጥተሽም ዓይንሽን ልየው።' በቃ፣ ሌላ አትጨምሪ። ለሌላ ሰው አትንገሪ። መልሷን ይዘሽልኝ ነይ።"

"እሺ።"

"በማርያም?"

"በማርያም!" አለች እየሩስ። ከልቧ ነበር ያለችው።

ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ልጆቹ አይሱዙ መኪና ላይ ተሳፈሩ። መሪያቸው ጋሽ አባይነህ ነበሩ፤ ሳቂታ ሰው ናቸው፤ የሰዓት ነገር ሲሆን ግን ቀልድ አያውቁም። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ልጆቹ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ይዘምራሉ። በመንገዱ ግራና ቀኝ የጓሳው ሣር ጤዛ አዝሏል። ጅብራ የሚባለው ረጅም የደጋ ተክል በጭጋግ ውስጥ እንደ ሰው ቆሞ ይታያል። እየሩስ መልእክቱን በልቧ ደጋግማ ትለው ነበር፤ እንዳትረሳው።

ገዳሙ ሲደርሱ ጫማቸውን አውልቀው ደጀ ሰላሙን ተሳለሙ። አንድ ሽማግሌ መነኩሴ ተቀብለው ያስጎበኟቸው ጀመር። በመጀመሪያ ላይኛው ቤተ ክርስቲያን ገቡ። ሥዕሎቹ በጧፍ ጭስ ጠቁረዋል፤ የቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ ብቻ ነጭ ሆኖ ይታያል። መነኩሴው የብራና መጽሐፍ ከማኅደሩ አውጥተው አሳዩአቸው።

"ይህን የጻፉት አባት ሲጨርሱ ዓይናቸው ጠፍቶ ነበር" አሉ።

"ታዲያ እንዴት አነበቡት?" አለች የእየሩስ ጓደኛ ሐና።

"እሳቸውማ አላነበቡትም፣ ልጄ። ላንቺ ነው የጻፉት።"

ቀጥሎ ወደ ዋሻው ወሰዷቸው። ጎንበስ ብለው በአንዲት ጧፍ ብርሃን ገቡ። ውስጡ ቀዝቃዛ ነው፤ ውኃ ይንጠባጠባል። በግድግዳው ሥር የቀደሙት አባቶች አጽም ተደርድሯል። አንዳንዱ ከነቆዳው ደርቆ ቀርቷል። ትንንሾቹ ልጆች የትልልቆቹን ነጠላ ጨብጠው ያዙ።

"አትፍሩ" አሉ መነኩሴው። "እነዚህም እንደ እናንተ ሮጠዋል፣ ስቀዋል። ነገ አደርገዋለሁ ብለው ያቆዩትም ሥራ ነበራቸው።"

እየሩስ ይህን ሰማች። ሰማች እንጂ ልቧ አላስገባችውም። ብርዱ አንቀጥቅጧት ነበርና ቶሎ መውጣት ነው የፈለገችው። ከዚያ ጸበል ተጠመቁ። ኧረ የዚያ ጸበል ብርድ! ጩኸታቸው ገደል ለገደል አስተጋባ። ሲወጡ ሁሉም ይስቃሉ፤ ጥርሳቸው ግን ይንቀጫቀጫል።

ከምሳ በኋላ ጋሽ አባይነህ ተነሥተው አጨበጨቡ። "ወደ እማሆዮች መንደር የምትወርዱ ከእኔ ጋር! መንገዱ ቁልቁል ነው፤ እንዳትሮጡ። ስንመለስ መኪናው ይነሣል። አልጠብቅም፣ ብያለሁ!"

እየሩስ ብድግ አለች። አሁን ነው ሰዓቱ። ግን በዚያው ቅጽበት ሐና እጇን ጎተተቻት።

"አንቺ! ወረፋችን ሊደርስ ነው!"

የምን ወረፋ? የፎቶ። ጌጡ የሚባል ፎቶ አንሺ ከገዳሙ አጥር ውጭ፣ ገደሉ ጫፍ ላይ ካሜራውን ደቅኖ ቆሟል። ዘርፋፋ ጌጥ ያለው ቀይ ጃንጥላም አለው። ልጆቹ ጃንጥላውን ይዘው፣ ገደሉን ከኋላቸው አድርገው ይነሣሉ። እየሩስ በዕድሜዋ ፎቶ ተነሥታ አታውቅም። ከሳምንት በፊት ጀምሮ ያንን ፎቶ በዓይነ ኅሊናዋ ስታየው ነበር።

"ተነሥቼ ሮጬ እደርስባቸዋለሁ" አለች በልቧ።

ጋሽ አባይነህና ሌሎቹ ወረዱ። የእየሩስ ተራ ሲደርስ ጭጋግ ከገደሉ ሥር መጣና ሁሉን ሸፈነው።

"ትንሽ ታገሡ" አለ ጌጡ። "አሁን ይገፈፋል። እንዲህ ሆኖ ብትነሡ እናንተም አትታዩ፣ ገደሉም አይታይ።"

ጠበቁ። ጭጋጉ ይሳሳል፤ ተመልሶ ይወፍራል። "እንተወው ይሆን?" አለች እየሩስ። "አበድሽ? ይህን ሁሉ ጠብቀን!" አለች ሐና። እየሩስም ቁጭ አለች። መልእክቱ ልቧን ቆንጠጥ ያደርጋታል። "አሁን፣ አሁን" እያለች ዝም ታሰኘዋለች። እናንተም እናታችሁ ስትጠራችሁ እንዲህ እንደምትሉ አላውቅም መሰላችሁ?

በመጨረሻ ጭጋጉ ገለጥ አለና ተነሡ። እየሩስ ጃንጥላውን ለሐና ወርውራ ወደ ቁልቁለቱ ሮጠች። ጥቂት እንደ ወረደች ከታች ድምፅ ሰማች። ጋሽ አባይነህና ልጆቹ እያለከለኩ እየወጡ ነበር።

"ወዴት ነሽ?" አሏት ጋሽ አባይነህ።

"ወደ ታች፣ ወደ እማሆዮች..."

"አሁን? ስጠራሽ የት ነበርሽ? ተመለሺ፤ መኪናው ሊነሣ ነው። ምን ፈልገሽ ነው?"

ልጆች፣ እዚህ ላይ አንዲት ቃል በቂ ነበረች። ምስጢሩን መንገር እንኳ አያስፈልጋትም ነበር። "አደራ አለብኝ" ብትል ጋሽ አባይነህ መኪናውንም ያስቆማሉ፣ እጇን ይዘውም ያወርዷታል። እሷ ግን ፎቶ ስትጠብቅ እንደ ቆየች ማውጣት አፈረች።

"ምንም" አለች።

መኪናው ሄደ። ልጆቹ እየዘመሩ ሲመለሱ የእየሩስ ድምፅ አልተሰማም።

ሲመሽ መሐል ሜዳ ገቡ። እየሩስ እየተጎተተች ወደ እትዬ ጥሩሸዋ ቤት ሄደች። "አላገኘኋቸውም እላለሁ" ብላ ወስናለች። በሩን ስትከፍት ግን ሴትዮዋ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ለስንት ጊዜ ያልተቀመጡት ሴትዮ! ፊታቸውን ታጥበዋል፣ ንጹሕ ነጠላ ለብሰዋል፣ ባናውን እስከ ወገባቸው ስበዋል።

"መጣሽ! በይ ንገሪኝ፣ ምን አለች?"

እየሩስ ያንን ፊት አየችና ቃሉ ጠፋት። ከዚያ አፏ ብቻውን እንደሚናገር፣ "ይቅር ብያታለሁ አሉ" አለች።

"እህህ... ተመስገን! አለቀሰች?"

"አዎ፣ አለቀሱ።"

"ከስታለች?"

"ትንሽ ከስተዋል።"

"እመጣለሁ አለች?"

"አዎ። ይመጣሉ።"

እትዬ ጥሩሸዋ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው አለቀሱ። እየሩስንም ግንባሯን ሳሟት። እንደዚያ ዓይነት መሳም እሾህ ነው፣ ልጆች። ወዲያው ወደ ቄስ ባምላኩ ላኩ፤ "እህቴ ይቅር አለችኝ፤ ነገ ያቁርቡኝ" ብለው። ለእህታቸውም ፍራሽ አስነጠፉ።

አንዳንዶቻችሁ አሁን፣ "እኔ ብሆን እውነቱን እናገር ነበር" እያላችሁ ነው። ተዉ እንጂ! የሚወዱት ሰው በደስታ ሲያለቅስ እውነት መናገር ቀላል አይደለም። ግን ይህንንም ልንገራችሁ። ያ አይሱዙ ያን ማታ እዚያው ከተማው ውስጥ ነበር ያደረው። እየሩስ እውነቱን ያኔ ብትናገር ሾፌሩን ለምነው በማለዳ መላክ ይቻል ነበር። እሑድ ጠዋት ግን መኪናው ወደ ደብረ ብርሃን ሄደ። በዚያን ጊዜ ሞባይል የሚባል ነገር በእኛ አገር አልገባም፤ ወደ ጥድ አፋፍም በየቀኑ የሚሄድ መኪና አልነበረም።

እሑድ ቅዳሴ ሲያበቃ ቃጭል ተሰማ። ቄስ ባምላኩ ከካህናትና ከዲያቆናት ጋር ቅዱስ ቁርባኑን ይዘው ወደ በሽተኛዋ ቤት መጡ። ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ ሰገደ። እየሩስ አጥሩ ሥር ቆማለች። እንቅልፍ አላየችም። ሰንበት ትምህርት ቤት የተማረችውን ታውቃለች፤ የተጣላ ሰው ሳይታረቅ አይቆርብም። "ታርቄያለሁ ብለው በእኔ ውሸት ሊቆርቡ ነው" አለች። ቄሱ ደጃፉን ሊያልፉ ሲሉ ሮጣ ፊታቸው ወደቀች።

"አባ! እማሆይን አላገኘኋቸውም! ዋሽቼ ነው!"

ቃጭሉ ዝም አለ። ቄስ ባምላኩ ፊታቸው ጠቆረ።

"እትዬ ጥሩሸዋ ይቅርታ ጠይቀዋል፤ ከእሳቸው የሚጠበቀውን አድርገዋል" አሉ። "አቆርባቸዋለሁ። ግን በውሸት ተደስተው አይቆርቡም። ግቢና ራስሽ ንገሪያቸው።"

"እኔ?"

"ታዲያ ማን?"

እየሩስ ገባች። እትዬ ጥሩሸዋ ዓይናቸውን ወደ በሩ አድርገው ተኝተዋል። ነገረቻቸው። ሁሉንም፣ ፎቶውንም ጭምር።

"እንግዲያው አልሰማችም?" አሉ።

"አልሰሙም።"

"አለቀሱ ያልሽኝስ?"

"ዋሸሁ።"

"ይመጣሉ ያልሽኝስ?"

"እሱንም ዋሸሁ።"

እትዬ ጥሩሸዋ አልጮኹባትም። ቢጮኹባት ይሻላት ነበር። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ከዚያ እጃቸውን ወደ ኋላ ዘርግተው የእየሩስን እጅ ፈለጉ።

"እኔም ዋሽቼ ነው እህቴን ያጣኋት" አሉ። "አትልመጂው፣ ልጄ።"

ቆረቡ። የእየሩስ አባትና ጋሽ አባይነህ በቅሎ ለምነው ያን ሰዓት ወደ ጥድ አፋፍ ተነሡ። እየሩስ ከመደቡ ሥር አልተነሣችም። በሩ በተንኳኳ ቁጥር እትዬ ጥሩሸዋ፣ "እሷ ናት?" ይላሉ። ጎረቤት ነው። ደግሞ ይንኳኳል። "እሷ ናት?" ሌላ ጠያቂ ነው። ኋላ ኋላ ድምፃቸው ጠፋ፤ ዓይናቸው ብቻ ነበር የሚጠይቀው። ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ዓይናቸው በሩ ላይ እንደ ተተከለ ዐረፉ።

ከቀትር በኋላ ተቀበሩ። ለቀስተኛው ከመቃብር ሲመለስ በቅሎዋ በመንገዱ ብቅ አለች። እማሆይ አመተሥላሴ ነበሩ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው እንደ ለበሱ ሲያዩ ማንንም አልጠየቁም። ከበቅሎዋ ወርደው መንገዱ ላይ፣ አፈሩ ላይ ተቀመጡ።

ሊያመጧቸው የሄዱት ሁለቱ ሰዎች፣ "እህትዎ ታመዋል፤ ይፈልጉዎታል" ከማለት በቀር ሌላ አልነገሯቸውም። ቃሉ ገና እየሩስ ዘንድ ነበር። እየሩስ ሄዳ ፊታቸው ተንበረከከች። በጆሯቸውም ቃሉን እያለቀሰች ነገረቻቸው። ምንም አልጨመረችም፣ ምንም አልቀነሰችም። ለምን እንደ ዘገየም ነገረቻቸው።

"'ዓይንሽን ልየው' አለች?" አሉ እማሆይ።

"አዎ።"

"ይቅር ካልኳትማ ቆየሁ። ማሳውንም እኔ ምን ላደርገው። እኔም እኮ መምጣት እፈልግ ነበር፣ ልጄ። ያን ቀን በሩን ስላልከፈተችልኝ፣ ዛሬም አትከፍትልኝም ብዬ ፈርቼ ቀረሁ። ይህችን ቃል ቅዳሜ ብሰማት በእግሬ ሌሊቱን ተጉዤ እደርስ ነበር።"

"እማሆይ፣ ይማሩኝ!"

"እግዚአብሔር ይማርሽ። እኔ ምሬሻለሁ። የእሷን መልስ ግን ከየት አመጣልሻለሁ?"

ወደ መቃብሩ አብረው ሄዱ። እማሆይ አዲሱ አፈር ላይ ጎንበስ ብለው፣ "ጥሩዬ፣ እኔ ነኝ፤ መጥቻለሁ" አሉ። መልስ የለም። ነፋሱ ብቻ ነበር። እየሩስ ያን ጊዜ እንዳለቀሰችው ዳግመኛ አላለቀሰችም።

እየሩስ ለቄስ ባምላኩ ንስሐ ገባች፤ የታዘዘችውን ሁሉ ፈጸመች፤ እግዚአብሔርም ይቅር እንዳላት አምናለሁ። ግን ልጆች፣ ንስሐ የገባ ሰው እንኳ የሞተን ሰው ጠርቶ፣ "ቆዩኝ፣ መልእክትዎን አሁን ላድርስ" ማለት አይችልም።

እንግዲህ ልጆቼ፣ አደራ ስትቀበሉ ከማንኛውም ነገር በፊት አድርሱ፤ ሳታደርሱ ብትቀሩ ደግሞ ሳይመሽ፣ የዚያኑ ቀን፣ "አላደረስኩም" ብላችሁ እውነቱን ተናገሩ።